ከእታለም ቤት ስለተረፈው ዕቃ

ሆዴ እንዴት ነሽ፣ ልጆቹስ? ስልክ ላይ እየተጯጯህን ምንም ሳንስማማ ስለዘጋነው በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

የእታለም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቤት እስቴት ሴሉ፣ የቤት ዕቃዋ ሽያጭ ማለቴ ነው፣ እሁድ አለቀ። የመጨረሻው ቀን እንደተለመደው በግማሽ ዋጋ ነው ተብሎ ጌጣጌጡ፣ ድስቱ፣ የጓሮ መሣሪያው፣ በእጅ ተይዞ የሚወጣው ሁሉ ሄደ። ትልልቁ ነው የቀረው። ውሉ ላይ ያልተሸጠ ዕቃ የኛ ነው ይላል፣ ሽያጩን የሠሩልን ሰዎች እናጽዳላችሁ ካሉም ለብቻው ነው የሚያስከፍሉት፣ ቤቱ ደሞ ክሎዝ ሳይደረግ፣ ለገዢው ሳይተላለፍ፣ ባዶ ሆኖ ተጠርጎ መጠበቅ አለበት። አገር ቤት ቢሆን አርባዋ ሳይወጣ ዘመድ ይካፈለው ነበር፣ የተረፈውን ልዋጭና ቆራሌው ይጨርሱታል።

አንቺ ዕቃው የሚቀመጥበት ስቶሬጅ እንከራይ አልሽ። እኔ አልፈልግም። በየወሩ እየከፈልን ማንም ሃምሳ ዶላር ያልሰጠበትን ቡፌ ልናስቀምጥ? የዛሬ ልጆች አፓርትመንት ነው የሚኖሩት፣ ያን የሚያህል እንጨት የት ያቆሙታል። ብሪታኒካውም፣ ያ ኢንሳይክሎፒዲያ፣ እንደዛው ነው፣ አሳታሚዎቹ ራሳቸው እንኳን ከ2012 ወዲህ በወረቀት ማተሙን ትተውታል፣ ላይብረሪም ብትወስጂው የሚቀበልሽ የለም፣ ሪሳይክል ነው የሚሆነው።

የሕፃን አልጋው ላይ ነው ያለቀስሽው፣ ገብቶኛል፣ አንቺ የተኛሽበት ነው። ግን ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ ዓይነት ነው፣ እሱ ከሰኔ 2011 ጀምሮ እዚህ አሜሪካ መሸጥ ብቻ ሳይሆን በነፃ መስጠትም የተከለከለ ነው፣ ሕፃናት እየተጣበቁበት ስለሞቱ። ስለዚህ ለቤተክርስቲያን እንስጠው ያልሽው አይሆንም፣ ፎቶ አንሺውና ተፈታትቶ ይጣላል። ፍራሾቹንም ያገለገለ ዕቃ የሚቀበለው ጉድዊል አይወስድም፣ እነሱና የምድር ቤቱ አሮጌ ፍሪጅ ሼዲ ግሮቭ ካውንቲው ቆሻሻ መቀበያ ይሄዳሉ፣ የፍሪጁ ጋዝ በባለሙያ ነው የሚወጣው እንጂ ዝም ብሎ አይጣልም።

ሶፋውና የምግብ ጠረጴዛው ግን እድፍ የለባቸውም፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ኤ ዋይደር ሰርክል የሚባል ድርጅት አለ፣ ከሼልተር ወጥተው ባዶ ቤት ለሚገቡ ቤተሰቦች የቤት ዕቃ በነፃ የሚሰጡ ናቸው፣ እታለምም ብትኖር እዛ ነበር የምትልከው። ለታክስ ይጠቅማል ያልሽውን ብዙ ተስፋ አታድርጊ፣ ዋጋው ዛሬ አሮጌ ዕቃ ቤት የሚያወጣው እንጂ እሷ የገዛችበት አይደለም፣ አይተማይዝ ካላደረግን፣ ተቀናሹን አንድ በአንድ ካልዘረዘርን፣ ደሞ ምንም የለውም፣ ከ500 ዶላር ካለፈ ፎርም 8283 የሚሉት የታክስ ቅጽ ይሞላል። ደረሰኙን ለማንኛውም እይዛለሁ።

አዲስ አበባ ያሉት ሚክሰሩንና ማይክሮዌቩን ላኩልን ብለዋል። የዚህ አገር 110 ቮልት ነው የዛ 220፣ ሲሰኩት ይቃጠላል። ጋቢዎቹንና ነጠላዎቹን ነው የምልክላቸው፣ በአየር መንገዳችን ሁለት ሻንጣ 23፣ 23 ኪሎ ስለሚፈቀድ ለሚሄድ ሰው ይበቃል።

የኤሌክትሪክ ምጣዱ እኮ አልተሸጠም! አንዷ ፈረንጅ ፒዛ የሚጋገርበት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እሱ አይዋ ውስጥ የሚሠራው ለኖርዌዮች ቂጣ ነበር አሉ፣ ሌፍሳ ነው የሚሉት፣ እንጀራ መጋገሪያ ያደረገው የኛ ሰው ነው። ቤተክርስቲያን በቅርብ የመጣች ልጅ አለች፣ ለሷ ልሰጠው ነው፣ ካልተቃወምሽ።

ረከቦቱን፣ ሞሶቡንና የጸሎት መጻሕፍቱን መጀመሪያውኑ ለሽያጭ አላወጣኋቸውም። አንድ ነገር ደሞ፣ መጽሐፍ ሳይገለጥ ኪስም ሳይፈተሽ ከቤት አይወጣም፣ እታለምን ታውቂያታለሽ፣ ዳዊቷ ውስጥ ዶላር አግኝቻለሁ፣ ለተዝካሩ አስቀምጬዋለሁ።

የቀረውን ሁሉ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። የምትፈልጊው ላይ ላይክ አድርጊ፣ እስከ ሐሙስ ዝም ካልሽ ይሄዳል። ቡፌውን ካልሽ ግን ትራኩን የምትከራዪው አንቺ ነሽ፣ የሚሸከሙትንም ሰዎች ይዘሽ ነይ።

እናትሽ