ቆራሌውን ከበር አትመልሱብን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ቤት ስለማፅዳት የሚመክር ፅሁፍ መቼም አይጠፋም፣ ዩቲዩብ ላይማ ሞልቷል፣ ምክሩም ሁሌ አንድ ነው፣ የማትጠቀሙበትን ጣሉ፣ ኮተት ቀንሱ፣ ቤታችሁን ቀለል አድርጉ ምናምን። እሺ፣ ጥሩ፣ ግን የት ነው የምንጥለው? ይሄን ደብዳቤ የምፅፈው በተለይ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ቤታችን በእቃ የታጨቀው መጣል ስለማንወድ ብቻ እንዳልሆነ ለመናገር ነው፣ እቃው ከቤት የሚወጣበትን በር ራሳችን ዘግተነዋል።

በመጀመሪያ ግን ሰውን ኮተታም እያሉ መሳደብ ይቅር። በደርግ ጊዜ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ህብረት ሱቅ ተሰልፋ በራሽን የገዛች እናት ባዶ ጠርሙስ ስታይ ነገ ላይገኝ ይችላል ብላ ነው የምታስቀምጠው፣ ልጆቿም እሷን እያየን ነው ያደግነው። አሁንም ቢሆን ሐምሌ 2016 ላይ የዶላር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የእቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን፣ እና ጆሮው የተሰበረ ባልዲ ይዞ "ይሄን ጥዬ አዲሱን በስንት ልገዛ ነው" የሚል ሰው ሂሳብ ገብቶት ነው እንጂ ሞኝ ሆኖ አይደለም። ፌስታል ውስጥ የተጠቀጠቀ ፌስታል የሌለበት ቤት ካለ ይነገረኝ፣ 2017 ላይ የፌስታል ክልከላው አዋጅ ከፀደቀ ወዲህማ አንዳንዱ ቤት እንደ ቅርስ ነው የሚጠበቀው።

ደግሞ የውጪዎቹ ቪዲዮዎች የማይገባቸው ነገር አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የተደረደረ ቢጫ ጀሪካን ኮተት አይባልም። የኤሌክትሪክ ምድጃም ቡታጋዝም የከሰል ማንደጃም ያለው ቤት ለነሱ ሶስት ጊዜ የተገዛ አንድ እቃ ነው፣ እኛ ጋ ግን መብራት ሲጠፋ ጋዝ፣ ጋዙ ሲያልቅ ከሰል እያለ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል። ወረቀትም እንደዛው ነው፣ የቤት ውልና የክፍያ ደረሰኝ የጣለ ሰው አንድ ቀን መስኮት ላይ ቆሞ "የዛሬ አስራ አምስት አመቱን አምጣ" ሲባል ያየዋል። ስለዚህ እነዚህን አልነካም፣ ማንም እንዲነካቸውም አልመክርም።

እኔ የማወራው ስለሞተው እቃ ነው። ቡፌው ውስጥ ለእንግዳ ተብሎ የተቀመጠው ብርጭቆ፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እንዳይሰበር ተብሎ የዘወትሩ ነው የሚወጣው፣ የቡፌው እንግዳ ማን እንደሆነ እስካሁን አልተነገረንም። አልጋ ስር ደግሞ ያ ብርድ ልብስ አለ። ከቤሩት ወይ ከጅዳ ወይ ከዱባይ እህት ወይ ልጅ የላከችው፣ ባለ ትልልቅ አበባው፣ ባለ ዚፕ ላስቲኩ ውስጥ እንዳለ። አክስቴ ቤት ያለውን አንድ ቀን አቧራውን ልጠርግ ብዬ ሳወጣው ላስቲኩ ደርቆ እጄ ላይ ተፈረፈረ፣ ብርድ ልብሱ አንድም ቀን ሳይለበስ የታጠፈበት መስመር ላይ ቀለሙ ለቋል፣ ሴትየዋ እራሷ ግን በሳሳ ጋቢ ነው የምትተኛው። ለምን አትለብሺውም ስላት "ልጅቷ በሰው አገር ለፍታ የላከችው እኮ ነው፣ እንዴት አድርጌ ላበላሸው" አለችኝ። ልጅቷ ደግሞ በደወለች ቁጥር "እማ ብርድ ልብሱ ይሞቃል?" ትላለች፣ አክስቴም "በጣም እንጂ" ትላለች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። አክስቴን ግን አልፈርድባትም፣ ያንን ብርድ ልብስ ስታየው የሚታያት የልጅቷ ድካም ነው፣ እና ለሌላ ሰው ስጪው ማለት ለሷ ልፋቷን ጣይው እንደማለት ነው። ተለማምነን ለበሰችው፣ መጀመሪያ መፍትሄው እሱ ነው፣ የምንሳሳለትን እቃ መጠቀም። ያኔ የዱሮው ሁለት ብርድ ልብስ ትርፍ ሆነና ያለ ጭቅጭቅ ለሰው ተሰጠ።

የሞተ ሰው ልብስ ላይም ይሄው ነው፣ ያውም ይብሳል። ባሏ የሞተባት ሴት ሙሉ ልብሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅላ ብታስቀምጥ ልጆች ተደብቃችሁ አታውጡት፣ አውቃለሁ፣ ልብሱን ብል ይበላዋል፣ ግን ተደብቆ የወጣ እቃ በቤተሰብ መሀል ለስንት አመት ቂም እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አውጡት፣ አንድ ኮት ይቅር፣ ሌላው ለነዳያን ወይ እንደ መቄዶንያ ላሉት ይሂድ፣ ማን እንደሚለብሰው ስታውቅ ትሰጣለች።

እሺ፣ ሰውየው ልቡ ቆረጠና ላስወጣ አለ እንበል። ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። ስቱዲዮ ከሆነች ቤቷ 30 ካሬ አካባቢ ናት፣ ጓሮ የላት፣ ቆጥ የላት። የፅዳት ማህበሮቹ የሚወስዱት በማዳበሪያ የታሰረ የቤት ቆሻሻ ነው፣ የተሰበረ ሶፋና የተቃጠለ ፍሪጅ፣ ያ ከኋላው ትልቅ የሆነው የዱሮ ቲቪ፣ እነሱን ማንም አይነካቸውም። ሰፈር እያለን ቆራሌው በራችን ድረስ መጥቶ ይሄን ሁሉ ተከራክሮ ከፍሎ ይወስድልን ነበር፣ አሮጌ ልብስና ጫማውን ደግሞ የልዋጭ ልጆች በሳፋ ወይ በብርጭቆ ይለውጡን ነበር። አሁን ባለሁበት ግቢ ግን ኮሚቴው ቆራሌና ልዋጭ ሲገባ እቃ ይጠፋል ብሎ ጥበቃዎቹ ከበር እንዲመልሱ ወስኗል። የተሰጣ ልብስ መጥፋቱን አልክድም፣ ጠፍቷል፣ ማን እንደወሰደው ግን ያየ የለም፣ ማዳበሪያ ስለተሸከመ ብቻ ሌባ ተደርጎ መታየቱ ደግሞ ለኔ ነውር ነው።

እና እቃው ምን ይሆናል? ከቤት ወደ በር፣ ከበር ወደ ደረጃው መታጠፊያ፣ ከዛ ደግሞ እንጀራ ሊጋገርበትና በግ ሊታረድበት ወደተሰራው የጋራ መጠቀሚያ ቤት። "ለጊዜው ነው" ይባላል፣ ከዛ የጎረቤት ይጨመርበታል፣ ከዛ የማን እንደሆነ ይረሳና በቃ የማንም አይሆንም። ባለፈው ክረምት በለሊት አንድ የታመሙ አባት ከአራተኛ ፎቅ በወንበር ተሸክመን ስናወርድ (ሊፍት የለውም፣ እነዚህ ባለ አራት ፎቆቹ ሊፍት የላቸውም) ሶስተኛው መታጠፊያ ላይ በሩ የወለቀ ቁም ሳጥንና እሱ ላይ የተጫነ ፍራሽ መንገድ ዘጋብን፣ ወንበሩ አልዞር አለ፣ ሰውየውን እንደያዝን በሞባይል መብራት ፍራሹን ወደ ላይ መለስነው። ቁም ሳጥኑ የማን ነው ተብሎ ጠዋት ሲጠየቅ ባለቤት ጠፋ። እግዚአብሄር ይመስገን ሰውየው ድነዋል፣ ግን ያን ቀን እሳት ቢሆን ኖሮ ሁላችንም የምንወርደው በዛችው ደረጃ ነበር። የጋራ ህንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚባለው ከወጣ ስንት ጊዜው ነው፣ ደረጃውና መተላለፊያው የሁላችንም የጋራ ነው፣ ኮሚቴው ይሄን ለማስከበር ስልጣን አለው፣ ስልጣኑን የተጠቀመው ግን ቆራሌውን ለማባረር ነው።

ቆራሌው የሚወስደው እቃ ደግሞ የትም አይቀርም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ያውቀዋል፣ እኛ ቆሻሻ ያልነው ቆርቆሮ እዛ ተቀጥቅጦ ማንደጃ ይሆናል፣ በርሜሉ ተቆርጦ ሌላ እቃ ይወጣዋል፣ የመኪና ጎማው በረባሶ ሆኖ ገጠር ይወርዳል፣ የጠርሙስ ክዳን እንኳ ገዢ አለው። ከተማው ውስጥ እቃ ሳይጣል ሁለተኛ ህይወት የሚያገኝበት ስርአት ማንም በጀት ሳይመድብለት ድሮም ነበረ። ይሄን ዘግተን ሁሉንም ወደ ገንዳ ስንወረውር መጨረሻው ቆሼ ነው፣ ቆሼ ደግሞ መጋቢት 2 ቀን 2009 ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ቀብሯል፣ አብዛኞቹ እዛው ስሩ ይኖሩ የነበሩ ድሆች ናቸው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ድስት። አንድ ብሎክ ውስጥ ስንት የድግስ ድስት እንዳለ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እያንዳንዷ እናት ሰርግ ቢመጣ፣ ክርስትና ቢመጣ፣ ተዝካር ቢመጣ ብላ ሁለት ሶስት ትልልቅ ድስት፣ የጠላ በርሜል፣ ደርዘን ሙሉ ትሪ አልጋ ስርና ቁም ሳጥን አናት ላይ ቆልላለች፣ በአመት አንዴም አይወርድም። እድር ለምን አለ ታዲያ? እድሩ ድንኳንና ወንበር እንዳለው ሁሉ ድስትና ሳህንም አለው፣ ካነሰው የኛን እንጨምርለት፣ የሰጠ ሰው ሲደግስ ቅድሚያ ያግኝ ተብሎ ይፃፍ በቃ። ይሄን ቡና ላይ ሳነሳው አንዷ ጎረቤቴ "የኔ ድስት ሰው ቤት ሄዶ ያርርብኛል" አለች፣ ሌላዋ ደግሞ "አንቺ ቤትስ መች ተጣደና" ብላ ቡናውን በሳቅ አፈረሰችው፣ ግን ከዛ በኋላ ድስታቸውን ለእድር የሰጡ አሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ አልጋዬ ስርም አሁን መጥረጊያ ይገባል።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል ኮሚቴዎችን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋት እስከ ምሳ፣ ቆራሌና ልዋጭ መታወቂያቸው በር ላይ ተመዝግቦ ይግቡ፣ ፓርኪንጉ ላይ ይቀመጡ፣ እኛ እቃችንን ይዘን እንውረድ፣ ፎቅ ለፎቅ መዞር ካስፈራ አይዙሩ። ቀኑ ቀደም ብሎ በየብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ይነገር፣ ያ ቀን ካለፈ በኋላ ደረጃ ላይ የተገኘ እቃ ባለቤት የለውም ተብሎ ይወሰድ። ቆራሌው የማይገዛውን ሶፋና ፍራሽ ደግሞ አዋጥተን በአንድ አይሱዙ ማስወጣት እንችላለን፣ ለየብቻ ቢሆን ነው የሚከብደው። ይሄን አይነት ነገር የሞከረ ሳይት ካለ እንዴት እንዳደረጉት ለጋዜጣው ቢፅፉልን ደስ ይለናል።

እኛ ብሎክ ያነጋገርኳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ተስማምተዋል። የጥበቃውን ሀላፊም ጠይቄው ነበር፣ "እኔ ምን ቸገረኝ፣ ብቻ በፅሁፍ ካልመጣልኝ አላስገባም" ብሎኛል፣ እና ከኮሚቴያችን ጋዜጣችሁን የሚያነብ ካለ ያቺን አንድ ወረቀት ፈርሞ ይስጥልን፣ ማህተሙ እነሱ ጋ ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ አዲስ አበባ