የኒውክሊየስ በሮችና የነርቭ ሕዋስ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ አእምሮ እድገት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ባነብም፣ የዘር መረጃ የያዘውን ዲ.ኤን.ኤ.ን በኒውክሊየስ (በሽፋን በተከበበው የሕዋሱ እምብርት) ውስጥ ተቆልፎበት የተቀመጠ ማስመሰሉ ይህን እንድጽፍ አነሣሥቶኛል። እኔም ሥነ ሕይወት ሳስተምር በኒውክሊየሱ ሽፋን ላይ ያለውን ቀዳዳ ለዓመታት በጠመኔ ነጥብ ብቻ ሳደርገው ስለኖርሁ፣ ወቀሳው ለራሴም ይደርሰኛል። በሰው ሕዋስ ውስጥ እያንዳንዱ ቀዳዳ 30 ገደማ ዓይነት ካላቸው፣ በድምሩ 1000 ያህል ከሚሆኑ ፕሮቲኖች የተገነባ፣ ትንንሽ ሞለኪውሎችን እንዲሁ የሚያሳልፍ፣ ትልልቆቹን ግን ያለ አጃቢ የማያስገባ በር ነው።

በፅንሱ አእምሮ ውስጥ ነርቭ የሚሆኑት ሕዋሶች በፍጥነት ሲከፋፈሉ ዲ.ኤን.ኤ. በሚገለበጥበት ጊዜ ሊሰበር ይችላል፤ ስብራቱን የሚጠግኑት ፕሮቲኖችም የሚመረቱት ከኒውክሊየሱ ውጭ በመሆኑ በዚሁ በር ማለፍ ግድ ይላቸዋል። እንዲያውም በእርሾ ላይ እንደታየው፣ ለጥገና ያስቸገረ ስብራት ራሱ ወደ ቀዳዳው ይጠጋል።

ሕዋሱ ነርቭ ከሆነ በኋላ ግን ስለማይከፋፈል፣ ኒውክሊየሱን አፍርሶ ከነበሮቹ እንደገና የሚሠራበት አጋጣሚ አይኖረውም። በ2012 የወጣ ጥናት በአይጥ አእምሮ ውስጥ ከቀዳዳው ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይተኩ እንደሚቆዩ አሳይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2009፣ በአረጁ አይጦች የነርቭ ሕዋሶች ውስጥ፣ ከኒውክሊየሱ ውጭ መቅረት የነበረበት ቱቡሊን የተባለው ፕሮቲን ሾልኮ ገብቶ ተገኝቶ ነበር።

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ሥዕል የምታወጡ ከሆነ፣ እባካችሁ በሮቹም ይሣሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ የሆነ የሥነ ሕይወት መምህር