ፎርማት ከማድረግህ በፊት

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ቤተሰብህስ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ተጠፋፍተን ቆይተን ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ገና ሳልከፍተው ደስ አለኝ። ስከፍተው ግን አብዛኛው ስለ ኮምፒውተርህ ሆኖ አገኘሁት። አልተቀየምኩህም፤ እንኳን ጻፍክልኝ።

ወደ ጉዳይህ ልግባ። ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና ከዊንዶውስ ጎን ልትጭን ፈልገህ ዲስኩ አልታይ ስላለህ፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው የማስነሻ ፕሮግራም) ውስጥ ገብተህ የዲስኩን አሠራር ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ለወጥከው፤ ሁለቱም ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ጋር የሚገናኝባቸው መንገዶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዊንዶውስ ለመነሳት ይሞክርና ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ መልሶ ይጠፋል። ያየልህ ባለሙያ ደግሞ «ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» አለህ፤ በላዩ ያለው ሁሉ ይጥፋ ማለቱ ነው። እባክህ እንዳታስነካው! ሰማያዊው ገጽ ላይ የተጻፈውን ልብ ብለህ አንብበው፤ የማስነሻው ዲስክ ሊደረስበት አልቻለም ነው የሚለው እንጂ ተበላሽቷል አይልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጭነው የግድ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች (ከኮምፒውተሩ ክፍሎች ጋር የሚነጋገርባቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች) ብቻ ነው። ያንተው ሲጫን ዲስኩ በሬይድ ስለነበር፣ የኤኤችሲአይ ድራይቨር እዚያው ዲስክ ላይ ቢኖርም ሲነሳ አይጠራም። አሁን ዲስኩን ለማንበብ ድራይቨሩ ያስፈልገዋል፣ ድራይቨሩን ለማግኘት ደግሞ ዲስኩን ማንበብ አለበት። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን የዘጋ ሰው በለው።

ስለዚህ የለወጥከውን መልሰው። ኮምፒውተሩን እንዳበራህ ኤፍ2 ወይም ዴሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግመህ ተጫን (እንደ አምራቹ ይለያያል)፣ ባዮሱ ሲከፈት የዲስኩን አሠራር ሬይድ ላይ አድርገህ አስቀምጥና ውጣ። ሌላ ምንም አትንካ። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችውን ሲአር2032 የተባለች ክብ ባትሪ አውጥተህ መልሳት የሚሉህም አይጠፉም። ይህ የሚጠቅመው ለምሳሌ የሜሞሪው ፍጥነት ተለውጦ ስክሪኑ ጭራሽ አልበራ ሲል ነው። ያንተ ግን ባዮሱ ድረስ ያስገባሃል። ደግሞም ባትሪውን ማውጣት ቅንብሩን ፋብሪካው ወዳወጣው ይመልሰዋል እንጂ አንተ ዘንድ ወደነበረው አይመልሰውም፤ ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል።

አንድ የምፈራልህ ነገር አለ። ዲስኩ በቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስክን በምስጢር በሚቆልፍበት መሣሪያ) የተቆለፈ ከሆነ፣ የባዮስ ለውጡን አይቶ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅህ ይችላል። ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትህ ተቀምጦ ስለሚገኝ በስልክህ ገብተህ ፈልገው። እሱ ከጠፋ ግን ማንም ባለሙያ ዲስኩን ሊከፍትልህ አይችልም።

ዊንዶውስ ሲነሳልህ ከሁሉ አስቀድመህ ፋይሎችህን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ። ሊኑክሱ ይደርሳል። አሁንም ልብህ እሱ ላይ ከሆነ፣ ዊንዶውስ ውስጥ እያለህ ቢትሎከርን ለጊዜው አግድ፤ ከዚያ ኤምኤስኮንፊግ የተባለውን የዊንዶውስ አነሳስ ማስተካከያ ከፍተህ «ሴፍ ቡት» የሚለው ላይ ምልክት አድርግ፣ ሪስታርት አድርገህም በቀጥታ ባዮስ ገብተህ ኤኤችሲአይን ምረጥ። በሴፍ ሞድ (የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት አኳኋን) ሲነሳ ዊንዶውስ አዲሱን ድራይቨር ራሱ ያነቃዋል፤ ከዚያ ምልክቱን አንስተህ እንደገና አስነሳው። ሴፍ ሞድ ውስጥ ፒንህን አልቀበልም ሊልህ ስለሚችል የይለፍ ቃልህን ሳታስታውስ አትጀምረው።

እምቢ ካለህ ሰማያዊው ገጽ ላይ ያለውን ኮድ እንዳለ ገልብጠህ ላክልኝ። ስለ ልጆችህ ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፍክም፤ ትልቁ ትምህርቱን ጨረሰ?

ወንድምህ