ሚኒሞ ከመነካቱ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሞተር ሳይክል አደጋ በተነሳ ቁጥር ስለ ፍጥነትና ስለ ሄልሜት ይጻፋል፤ ተገቢ ነው። የነዳጅ መስጫው እጀታ ተለቆ የሞተሩ ዙር አልወርድ ስለሚልበት ብልሽት ግን ሲነሳ አይታይም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ሳይክል በሁለት ሰከንድ 22 ሜትር ይጨርሳል። አሽከርካሪው ነዳጅ ለቅቄአለሁ ሲል ሞተሩ ገና እየገፋ ከሆነ፣ ፍሬኑ ከሞተሩ ጋር ግብግብ ይገጥማል።

ጋራዥ ሲደርስ የሚሰጠው ሕክምና ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ካቻቪቴ ወጥቶ ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር፣ ይቀነሳል። ጩኸቱ ለዕለቱ ይበርዳል። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ እንደ ቀድሞው ይጮኻል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ካቦው፣ ከእጀታው ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው የሽቦ ገመድ፣ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እጀታውን እስከ መጨረሻ አዙሮ መልቀቅ፤ መሪው ቀጥ ቢልም፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢጠመዘዝም በራሱ ፈጥኖ መመለስ አለበት። ካቦው ሊኖረው የሚገባው ልልነት፣ እጀታው ጠርዝ ላይ ሲለካ፣ በአብዛኞቹ ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጥሎ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ መሪውን ከጫፍ ጫፍ ማዞር፤ ድምፁ ከጨመረ ካቦው ተወጥሯል ወይም በተሳሳተ መንገድ ታስሯል። ክሩ መበጣጠስ የጀመረ ካቦን ዘይት አያድነውም፤ ይቀየራል። ለጌጥ የሚገባ የእጀታ ጎማም ከጎኑ ካለው የማብሪያ ቤት ጋር እየተፋተገ እጀታውን ይይዘዋል። ይህን ለማየት መካኒክ እንኳ አያስፈልግም።

ካቦው ደህና ከሆነ ተጠርጣሪው ካርቡራተሩን፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን ዕቃ፣ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የጎማ አንገት ነው። በሙቀት ብዛት ይሰነጠቃል፣ ማሰሪያውም ይላላል። በዚያ በኩል ሾልኮ የሚገባው አየር ድብልቁን ያሳሳዋል፣ ማለትም ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር ያንሳል፤ ስስ ድብልቅ ደግሞ እጀታው ተዘግቶም ዙሩ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋል፣ ማርሚታውንም (የጭስ ማውጫውን) ያስተኩሳል። ለማረጋገጥ ሞተሩ በሚኒሞ ሳለ ጎማው ዙሪያ ጥቂት ውሃ መርጨት ይበቃል፤ ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። በቤንዚን የሚሞክሩ አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው። ማርሚታው ቢተኩስም ዙሩ በደንብ የሚወርድ ከሆነ፣ ማርሚታው ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት ቦታ መሐል የሚገባው ማሸጊያ (ጓርኒሲዮን) አየር እያስገባ ሊሆን ይችላል።

ነዳጅ ሲሰጠው የሚታነቅና ዘግይቶ የሚነሳ ሞተር ሌላ ጉዳይ ነው። የአየር ፊልትሮው አቧራ ካልጠገበ፣ የሚኒሞ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን የነሐስ ቀዳዳ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ በሽቦ መጎርጎር የሚባል ክፉ ልማድ አለ። 0.40 ሚሊ ሜትር የነበረ ቀዳዳ ወደ 0.45 ከሰፋ ስፋቱ ከሩብ በላይ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቪቴ አይስተካከልም። በመጭመቂያ አየር ይነፋል፣ ካልሆነ ይቀየራል። ካርቡራተሩ ተከፍቶ ሲገጠም ደግሞ በካቦው የሚሳበው ተንሸራታች የተቆረጠ ጎኑ ወደ ፊልትሮው መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ ሞተሩ ሲነሳ ጀምሮ ይጮኻል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ካርቡራተር ደግሞ በሳሳ አየር ላይ ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ እዚህ ቤንዚኑ ተቀንሶለት የተስተካከለ ሞተር ሳይክል ወደ አዋሽ ወርዶ 1,000 ሜትር ገደማ ሲደርስ ቢተኩስና ዙሩ አልወርድ ቢለው አይገርምም። ተበላሸ ተብሎ ዕቃ ከመግዛት የድብልቁን ቪቴ መመለስ ይቀድማል።

ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ የሚያንገጫግጭ ከሆነ ግን ከካርቡራተሩ በፊት ሰንሰለቱን እዩ፤ ላልቶ ሊሆን ይችላል። በአብዛኞቹ የከተማ ሞተር ሳይክሎች መሐሉ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ቢወዛወዝ ይበቃዋል።

እጀታው መንገድ ላይ ተይዞ ከቀረ ፍሪሲዮን ጨብጦ በቀኝ እጅ በኩል ያለውን ማጥፊያ መጫን ነው። ቁልፍ ፍለጋ እጅን ከመሪ ማንሳት አያስፈልግም። ማጥፊያው መሥራቱ የሚታወቀው ማታ ማታ ሞተሩን በእሱ በማጥፋት ነው፤ ከዚያ ቁልፉን መዝጋት እንዳይረሳ፣ ባትሪ ይጨርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሞተር ሳይክል መካኒክ፣ አዲስ አበባ