ቦዲስ ያነሳው ደረሰኝ የት ደረሰ? ለፈረንሳይ የመብት እንባ ጠባቂ ግልጽ ደብዳቤ

ለዴፋንሰር ዴ ድሯ፣ ለፈረንሳይ የመብት እንባ ጠባቂ ተቋም
ፓሪስ

የተከበራችሁ የተቋሙ ኃላፊዎች፣

ፈረንሳይ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ወገኖቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው። ብዙዎቻችን ተቋማችሁን አናውቀውም። የመጀመሪያ ኃላፊያችሁን ዶሚኒክ ቦዲስንማ ጭራሽ! ጥያቄዬ ግን ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ቦዲስ በ2012 አንድ ሪፖርት አወጣ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ። ሪፖርቱ ፖሊስ መንገድ ላይ ሰው አስቁሞ መታወቂያ ስለሚጠይቅበት አሠራር ነበር። በሙከራ ይታዩ ካላቸው መንገዶች አንዱ ለተጠየቀው ሰው መቼ፣ የትና በማን እንደተፈተሸ የሚገልጽ ደረሰኝ መስጠት ነው። ያ ሐሳብ የት ደረሰ?

ለማያውቁት አንባቢዎቼ ስለ ሰውየው ትንሽ ልበል። ቦዲስ በ1947 ፓሪስ ተወለደ። አባቱ ፒየር ቦዲስ ፖለቲከኛ ነበሩ፤ የደቡብ ፈረንሳይዋ ከተማ የቱሉዝ ከንቲባም ሆነዋል። ልጁ ግን መጀመሪያ ወደ ጋዜጠኝነት ነው የሄደው። ከቤይሩት ሆኖ የሊባኖስን የእርስ በርስ ጦርነት ዘገበ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የቴኤፍ አን (TF1) ቴሌቪዥን የምሽት ሁለት ሰዓት ዜና አንባቢ ሆነ። ያኔ በፈረንሳይ የምሽት ዜና ማንበብ ማለት በየሰው ሳሎን መግባት ማለት ነው። በ1983 ካሜራውን ትቶ በአባቱ ቦታ ከንቲባ ሆነ። እኛ ብንሆን አልጋ ወራሽ እንለው ነበር። ግን በምርጫ ነው የገባው፣ ያውም ሦስት ጊዜ።

ቱሉዝን እስከ 2001 መራ። በ1993 የከተማዋ የመጀመሪያ ሜትሮ ተከፈተ። መስመሩ መሐል ከተማውን አቋርጦ ብዙ ስደተኛ ቤተሰቦች ወደሚኖሩበት ወደ ሚራይና ወደ ሬይነሪ ይወጣል። ጥሩ ሥራ ነው። ሆኖም ባቡሩ መድረሱ ብቻውን አልበቃም። በታኅሣሥ 1998 ፖሊስ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ገደለና ሬይነሪ በእሳትና በድንጋይ ታመሰች። ከንቲባው ያው ቦዲስ ነበር። ይህን የማነሳው ሰውየውን ቅዱስ ላደርገው ስላልፈለግኩ ነው። የመሐል ቀኝ ፖለቲከኛ ነበር፤ ስለ ፖሊስ ፍተሻ ከእሱ ብዙ የሚጠብቅ አልነበረም።

ሕይወቱን ያናወጠው ግን የ2003ቱ ጉዳይ ነው። ያኔ የቴሌቪዥንና የሬድዮ ተቆጣጣሪው ምክር ቤት ሊቀመንበር ነበር። በተከታታይ ገዳይነቱ እድሜ ልክ ከተፈረደበት ከፓትሪስ አሌግር ጋር በተያያዘ ምርመራ ሁለት ሴቶች የቦዲስን ስም ጠሩ። ክሱ ዘግናኝ ነበር። ወሬው በየጋዜጣው ከመውጣቱ በፊት እሱ ራሱ ግንቦት 18 ቀን ወደ ቴኤፍ አን ሄደ። ድሮ ራሱ ያቀርበው በነበረው ዜና ላይ ቀርቦ ስሜ ተነስቷል፣ ውሸት ነው አለ። ግንባሩን ላብ አጥለቅልቆት ነበር። አገሩ የተናገረውን ትቶ ስለ ላቡ አወራ። ላበው፣ እንግዲያው አድርጎታል ተባለ። ለወራት የቴሌቪዥን ወሬ ማሞቂያ ሆነ። በቴሌቪዥን ሥነ ምግባር ላይ የተሾመው ሰው እኮ ነው! በመጨረሻ ምርመራው ነጻ አወጣው። በ2009 ፍርድ ቤት ከሳሾቹን በሐሰት በመወንጀል ጥፋተኞች አላቸው። የላቡን ወሬ የሚያስታውሱት ግን የፍርዱን ዜና ከሚያስታውሱት ይበዛሉ ብዬ እጠረጥራለሁ።

ከ2007 ጀምሮ ፓሪስ የሚገኘውን የአረብ ዓለም ኢንስቲትዩት መራ። በ2011 የእናንተ ተቋም የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ። አዲሱ ተቋም አራት መሥሪያ ቤቶች ተዋህደው የተፈጠረ ነው። ከዓመት በኋላ ያ ሪፖርት ወጣ። በቴሌቪዥን ፊቱ ታይቶ የተፈረደበት ሰው፣ መንገድ ላይ በመልካቸው ስለሚቆሙ ሰዎች ሪፖርት አወጣ። ሁለቱን ያገናኘሁት እኔ ነኝ፤ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። መንግሥት ደረሰኙን አልፈለገውም። በምትኩ ከ2014 ጀምሮ ፖሊሶች የመለያ ቁጥራቸውን ልብሳቸው ላይ እንዲያደርጉ ተደረገ። ቦዲስም በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ ሥራው ላይ እያለ አረፈ።

ከእሱ በኋላ የመጡት ኃላፊዎቻችሁ ጉዳዩን አልተውትም፤ ይህን ማመስገን አለብኝ። በ2017 ያወጣችሁት ጥናት ጥቁር ወይም አረብ መስለው የሚታዩ ወጣት ወንዶች ከሌላው ሰው በ20 እጥፍ የመቆም ዕድል እንዳላቸው አሳየ። እኛ ሐበሾች ጥናት አያስፈልገንም፤ ባቡር ጣቢያ ላይ ከመቶ ሰው መሐል ማን እንደሚጠራ እናውቃለን። እኔም ተጠርቻለሁ። ወረቀቴ ሙሉ ነበር፣ አመሰግናለሁ ብዬ ሄድኩ። ለምን እንዳመሰገንኩ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የአገሪቱ ዋና ኦዲተር፣ ኩር ዴ ኮንት፣ በ2021 ወደ 47 ሚሊዮን የሚጠጋ ፍተሻ እንደተደረገ ገምቷል። ልብ በሉ፣ ገምቷል ነው ያልኩት። እያንዳንዱን ፍተሻ መዝግቦ የሚይዝ የለምና። ሜትሮ ውስጥ ያለ ቲኬት የተያዘ ሰው ወረቀት ይሰጠዋል። ምንም ያላጠፋው ግን ኪሱ ተዳብሶ ባዶ እጁን ይሸኛል። የሰበር ፍርድ ቤት በ2016 አድልዎ ላለበት ፍተሻ መንግሥት ተጠያቂ ነው ብሏል። ግን መጀመሪያ ከሳሹ አድልዎ እንዳለ የሚያመላክት ነገር ማቅረብ አለበት። ምስክር ከሌለው ምን ይዞ ይቅረብ? መቼ፣ የት፣ በማን ተፈተሸ?

ደረሰኙ ሥራ ያበዛል የሚሉ አሉ። ያበዛል፣ አልክድም። ግን ሥርዓት ጠብቆ የሚሠራውን ፖሊስም ከሐሰት ክስ ይጠብቀዋል። የሐሰት ክስ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ከቦዲስ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የ2012ቱን ሪፖርት ከመደርደሪያ አውርዳችሁ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርና ለፓርላማው እንደገና አቅርቡት። ሙከራው በጥቂት ከተሞች ይጀመር፤ ቱሉዝ አንዷ ብትሆን ደስ ይለኛል፣ በተለይ ሬይነሪ። ውጤቱም በዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ። በየከተማው ሰው በነጻ የሚቀበሉት ወደ 600 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኛ ተወካዮቻችሁም በፍተሻ የተበደለ ሰው ሲመጣ ቀኑንና ቦታውን በአንድ ዓይነት ቅጽ ይመዝግቡ። ለዚህኛው የማንም ፈቃድ የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም።

መልሳችሁን በፈረንሳይኛ ጻፉልኝ። ወደ አማርኛ መልሼ ይህ ደብዳቤ በወጣበት ቦታ አወጣዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ፈረንሳይ ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ