ስለ ሆድሽ ነገር

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኔ ተመስገን፣ ደህና ነኝ። ማን ጠፋ፣ ማን ዝም አለ የሚለውን ሒሳብ እንተወው። ኑሮ ሁለታችንንም ይዞን ሄዶ ነበር፤ አሁን ተገናኘን፣ በቃ።

መልእክትሽን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ አትቀየሚኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ጠፍተሽ ስትመጪ የመጀመሪያው ወሬሽ «ጋዝ ሊገድለኝ ነው» ሆነ! ቀጠል አድርጌ ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። ስብሰባ ላይ በር አጠገብ መቀመጥ፣ ሊፍቱን ትቶ በደረጃ መውጣት፣ ጠዋት ልክ የነበረው ቀሚስ ማታ አልዘጋ ማለቱ፣ እኔም ያለፍኩበት ነው። ሰው ራስ ምታቱን እንደ ልቡ ያወራል፤ ይሄን ግን ለሐኪም እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚናገረው። ለእኔ መጻፍሽ ደስ ብሎኛል።

«ጨርሶ የሚያጠፋልኝ ነገር ካለ ንገሪኝ» ብለሻል። የለም። መጥፋትም የለበትም። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ጋዝ ያስወጣል። በቀን ከ13 እስከ 21 ጊዜ መፍሳት ያለ ነገር ነው። (አዎ፣ ጻፍኩት። ሐኪሙም ጋ ስትሄጂ እንዲሁ በግልጽ ንገሪው፣ ዙሪያ ጥምጥም ስትሄጂ ጊዜው ያልቅብሻል።) ከዚያ ሁሉ ጋዝ 99 በመቶው ሽታ የለውም፤ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅን፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ሚቴን ነው። ሰው ፊት የምታዋርደን ያቺ አንድ በመቶ የማትሞላው፣ ሰልፈር ያለባት ናት። ስለዚህ የምንፈልገው ጋዙን ማጥፋት ሳይሆን ያበዛብሽን ነገር ለይቶ ማወቅ ነው። መድኃኒቱን ኋላ እናወራለን።

ጋዝ የሚመጣው ከሁለት በኩል ነው። አንደኛው የምንውጠው አየር ነው። እየተጣደፉ መብላት፣ ጎርሶ ማውራት፣ በስትሮ መጠጣት፣ ከረሜላ መምጠጥ፣ ሲጋራ፣ በደንብ ያልገጠመ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሁሉም አየር ያስውጣሉ። ለስላሳ መጠጥማ ጋዙን ራሱን ነው የሚያጠጣን። ይህኛው አብዛኛው በግሳት ተመልሶ ይወጣል። የሚያስቸግርሽ ግሳት ቢሆን ኖሮ ምግቡን ትተሽ አበላልሽን እይ እልሽ ነበር።

ሁለተኛው እዚያው አንጀት ውስጥ የሚሠራው ነው። ትንሹ አንጀት ፈጭቶ ያልጨረሰው ስኳርና ስታርች ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ይረከቡታል። ሊጥ እንደሚቦካ ያቦኩታል፤ ሆድም ኩፍ ይላል። ያንቺ ይሄኛው ይመስለኛል። ምክንያቱም የሚብስብሽ ገና ከማዕድ ስትነሺ ሳይሆን አመሻሹ ላይ ነው ብለሻል።

አሁን ወደ ማስቲካሽ ልምጣ። «ከምሳ በኋላ ሆዴን ቀለል እንዲለው ስኳር የሌለው ማስቲካ አኝካለሁ» ያልሽው ቦታ ስደርስ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት። እስቲ መጠቅለያውን ገልብጪና አንብቢው። ሶርቢቶል፣ ማኒቶል፣ ማልቲቶል ወይም ዛይሊቶል የሚል አታጪም። እነዚህ ጣፋጮች አንጀት በደንብ የማይመጥጣቸው ናቸው። ስለዚህ ወደ ታች ወርደው ለባክቴሪያ ድግስ ይሆናሉ። ከዚያ ላይ ማኘኩ ራሱ አየር ያስውጣል። ሌላውን ሁሉ ከመንካትሽ በፊት እሱን ጣይውና አንድ ሳምንት እይው። ምናልባት የሁሉም ነገር መነሻ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ባይሆንም ምንም አልከሰርሽም።

የእኔን ታውቂያለሽ ብዬ ነበር፣ ለካ አልነገርኩሽም። ወተት ነው። ልጅ ሆነን የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባለው ኢንዛይም በሽ ነው። ካደግን በኋላ ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ በሚሆነው ላይ ይቀንሳል። በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው። ወተት ከጠጡ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓት ባለው ጊዜ ሆድ ይጮሃል፣ ይነፋል፣ አንዳንዴም ያስቀምጣል። ግን ወተት አልተስማማኝም ማለት ዕድሜ ልክ ወተት አይነካም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው አንድ ብርጭቆ ያህሉን ከምግብ ጋር ሲጠጣው ምንም አይሆንም። እርጎና ደረቅ አይብ ደግሞ ላክቶሳቸው አነስተኛ ስለሆነ ይቻላሉ። ሁለት ሳምንት ያህል ወተት የነካውን ሁሉ ተዪና መልሰሽ ጠጪ፤ ሆድሽ ራሱ ይነግርሻል። ማረጋገጥ ከፈለግሽ የትንፋሽ ምርመራ አለ። ላክቶስ ያለበት ፈሳሽ ያጠጡሽና በየተወሰነ ደቂቃ ያስተነፍሱሻል። ባክቴሪያዎቹ ያመረቱት ሃይድሮጅን በደም በኩል ሳንባ ስለሚደርስ ትንፋሽሽ ላይ ይታያል።

ባቄላና ምስር ትቻለሁ ማለትሽን ግን አልወደድኩትም። እርግጥ ነው፣ ጥራጥሬ ውስጥ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች አሉ። እነሱን የሚሰብር ኢንዛይም ደግሞ የማንም ሰው አንጀት የለውም፤ ስለዚህ ባንቺ ብቻ የመጣ ጉድ አይደለም። ግን ይሄን የመሰለ ምግብ በጋዝ ሰበብ አይጣልም። ሌሊቱን በብዙ ውሃ ዘፍዝፊው። ጠዋት ውሃው ደፍርሶ፣ ዳር ዳሩን አረፋ ይዞ ታገኚዋለሽ። ከሚነፋሽ ስኳር ከፊሉ ውሃው ውስጥ ወጥቷል፤ ድፊው። አለቅልቀሽ በአዲስ ውሃ እስኪፈርስ ቀቅዪው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ማንኪያ ብቻ ብዪ፣ ከዚያ ቀስ እያልሽ ጨምሪ። አንጀት ይለምዳል። ካልሆነም አልፋ ጋላክቶሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ፋርማሲ አለ። እሱ የሚሠራው ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ሲወሰድ ነው፣ ሆድ ከተነፋ በኋላ ቢውጡት ዋጋ የለውም።

ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ስንዴ ፍሩክታን የሚባል ነገር አላቸው። ፖም፣ ፒርና ማር ፍሩክቶስ የሚባል ስኳር ይበዛባቸዋል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ጠቅልሎ የሚቀንስ ዝቅተኛ ፎድማፕ የሚባል አመጋገብ አለ፤ አውስትራሊያ ውስጥ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው ያወጡት። ብዙዎችን ይረዳል። የማይገባኝ ሰዎች አጠቃቀሙን ግማሽ ላይ መተዋቸው ነው። ከ2 እስከ 6 ሳምንት ከቀነሱ በኋላ አንድ በአንድ መልሶ መሞከር ነው ዋናው ሥራ። አንዳንዱ ግን እዚያው ይቀርና ጥቂት ዓይነት ምግብ ብቻ እየበላ ዓመት ይኖራል። ለአንጀት ጥሩ የሆኑትንም ባክቴሪያዎች ያስርባል። ከገባሽበት የምግብ ባለሙያ ይዘሽ ግቢ። ስንዴን ደግሞ ሴሊያክ የሚባለውን፣ የስንዴ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበትን በሽታ፣ በደም ምርመራ ሳታዪ እንዳታቆሚ፣ ካቆምሽ በኋላ ምርመራው ያታልላል።

ደብተር ያዢ። ምን በላሁ፣ በስንት ሰዓት፣ ሆዴ መቼ ተነፋ፣ ሽንት ቤት ሄድኩ ወይ። የመጨረሻዋን አትርሺ። ድርቀት ያለበት ሰው ጋዙ መውጫ ያጣል፣ ሰገራው በቆየ ቁጥርም ባክቴሪያው ሥራውን ይቀጥላል። «ለድርቀቴ ብዬ በአንዴ የፋይበር ዱቄት በየቀኑ ጀመርኩ» ያልሽው ደግሞ ራሱ ሊነፋሽ ይችላል። ቀንሺውና በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ፣ ውሃ ጠጪበት።

አሁን ለእኔ የገረመኝን ልንገርሽ። ሆዳቸው የሚነፋ ሰዎችን በሲቲ ስካን ሲያዩአቸው ብዙዎቹ ከሌላው ሰው ያን ያህል የበለጠ ጋዝ የላቸውም። አንደኛ፣ አንጀታቸው ትንሹን ጋዝ እንደ ብዙ ይሰማዋል። ሁለተኛ፣ ሆዱ ሲከብዳቸው ድያፍራም የሚባለው የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ታች ይጫናል፣ የሆድ ጡንቻ ደግሞ ይላላል። ያኔ ሆድ ወደ ፊት ይወጣል። ማታ ቀሚስሽ የማይዘጋው በዚህም ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚረዳው አተነፋፈስ ነው። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን እጠፊ። አንድ እጅሽን ደረትሽ ላይ፣ ሌላውን እምብርትሽ ላይ አድርጊ። በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ። የሆድሽ እጅ ከፍ ይበል፣ የደረቱ ባለበት ይቆይ። ከዚያ ከሳብሽበት በላይ ረዘም አድርገሽ አውጪው። መጀመሪያ ላይ የደረቱ እጅ አልታዘዝ ይላል፣ አትናደጂ። ከምግብ በኋላ ትንሽ ትንሽ ለምጂው።

ቁርጠቱ ሲይዝሽ አትተኚበት፣ ተነሽና ተራመጂ። ከምግብ በኋላ አሥር ደቂቃ እንኳ መራመድ ጋዙን ይገፋዋል። ቤት ከሆንሽ ሁለቱን ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ እቀፊ። ወይም በመዳፍሽ ከቀኝ ታችኛው ሆድሽ ጀምረሽ ወደ ላይ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ታች ቀስ እያልሽ እሺው፤ ትልቁ አንጀት የሚሄድበት መንገድ ነው። ደግሞ ጋዙን አትያዢው፣ ፈልገሽ ብቻሽን የምትሆኚበት ቦታ ሂጂ።

ፋርማሲ ያለውን ሁሉ ገዝቼ አይቼዋለሁ። ሲሜቲኮን አረፋውን ይሰብራል፣ ጉዳት የለውም፣ አንዳንዱን ይረዳል፤ ለእኔ ብዙም አላደረገ። የፔፐርሚንት ዘይት እንክብል ቁርጠት ላለበት ጥሩ ነው፣ ቃር ካለብሽ ግን ያባብሰዋል። ከሰል ክኒኑን አልወደውም፤ ጥቅሙ ያልለየለት ሲሆን የምትወስጂውን ሌላ መድኃኒት ይዞ ሊያስቀርብሽ ይችላል። «አንጀት የሚያጥብ» የሚሉትን ሻይማ አታንሺብኝ። ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ነገር ያለባቸው ናቸው፣ ሌላ ጣጣ ያመጡብሻል።

እስካሁን ያልኩሽ ሁሉ ሌላ ምልክት ከሌለ ነው። ሳታስቢው ክብደት ከቀነስሽ፣ ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ፣ የደም ማነስ ከተገኘብሽ፣ ትኩሳት ወይም የማያቋርጥ ትውከት ካለ፣ ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂጂ። የሚሸት ተቅማጥ ሳምንታት ከቆየ ጃርዲያ ሊሆን ስለሚችል የሰገራ ምርመራ ይፈልጋል። እኛ ሴቶች ደግሞ፣ በተለይ ከ50 ዓመት በኋላ፣ አዲስ የመጣና የማይለቅ የሆድ መነፋት ዝም አይባልም፤ የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር አንዳንዴ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ድንገት ከባድ ሕመም መጥቶ ጋዝም ሰገራም አልወጣ ካለ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው። ደረትን የሚጨብጥ ሕመምም «ጋዝ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ለስኳሬ ሜትፎርሚን ጀመርኩ ብለሻል፣ ሆድሽ መቼ እንደተነሳብሽ ግን አልነገርሽኝም። ሜትፎርሚን ብዙ ሰው ላይ በተለይ መጀመሪያ ላይ ጋዝና ተቅማጥ ያመጣል። ቀኖቹን አመሳክሪ። በገዛ እጅሽ ግን እንዳታቆሚው። ከምግብ ጋር እንድትወስጂው፣ ወይም ቀስ እያለ ወደሚለቀቀው ዓይነት እንዲቀይርልሽ ሐኪምሽን ጠይቂው። ያለውን ጻፊልኝ፣ የማስቲካውንም እንደዚሁ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው