ሬዲዮ እኮ ዓለም ገናን ተሻግሮ ነበር

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሰሞን ስለ ኢትዮጵያ ሬዲዮ ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ጅማ ሆኜ ሁለቴ አነበብኩት። እንደደከማችሁበት ያስታውቃል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ታሪኩ አቃቂ ከነበረው ጣቢያ ይጀምርና ሸገር ኤፍ ኤም ላይ ያልቃል። በጅማ መንገድ ቢለካ አዲስ አበባ ዳር ያለችውን ዓለም ገናን እንኳ አላለፈም። ማን ጣቢያ ከፈተ፣ ማን ወረሰ የሚለው በዝርዝር አለ። ማን ሰማው? በየትኛው ሞገድ ሰማው? ይሄ የለም። እኔ ከማይክራፎኑ ማዶ ካሉት ወገን ስለሆንኩ ትንሽ ልጨምር።

አባቴ ሂርማታ ገበያ ሱቅ ነበረው። ጨው፣ ስኳር፣ ጋዝና አቡጀዲ ይሸጣል። መደርደሪያው አናት ላይ ፊሊፕስ ሬዲዮ ነበረች፣ እናቴ የሠራችውን ዳንቴል ለብሳ። የምትሠራው በድንጋይ ነው። የዛሬ ልጆች ባትሪ ይሉታል። ድንጋዩ ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ለአንድ ዜና ይበቃል። አባቴ ከዜና ውጪ አይከፍታትም። ዘፈን ሲጀምር ቀጭ አድርጎ ይዘጋና «ለዘፈን ብዬ ድንጋይ አልገዛሁም» ይለናል። እናቴ በዚህ ስትናደድበት ኖረች።

ሐሙስ ግን ሌላ ነበር። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ቡናና ማር ይዘው ከገጠር የመጡ ሰዎች ሱቁ ደጃፍ ተደርድረው ይሰማሉ። አማርኛ የማይሰሙ ብዙዎች ነበሩ። አጠገባቸው የቆመው ሰው ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልስላቸዋል፤ የራሱንም አስተያየት ጣል ያደርግበታል። እንዲህ ሆኖ ዜናው ማታ ገጠር ሲገባ ከአዲስ አበባ ሲነሳ ከነበረው ወፍሮ ነው። ስለዚህ በአገሪቱ ስንት ሬዲዮ ነበር የሚለው ቁጥር ስንት ሰሚ እንደነበረ አይነግራችሁም። የእኛ አንዷ ሬዲዮ አንድ ገበያ ታሰማ ነበር።

ብሥራተ ወንጌልን ጽሑፋችሁ በአንድ መስመር ነው ያለፈው። እዚህ ላይ ቅር ብሎኛል። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ይህ ጣቢያ ባለ 100 ኪሎ ዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። ሥርጭቱ አፍሪካን አልፎ መካከለኛው ምሥራቅና እስያ ይደርስ ነበር። ጅማማ ለእሱ ጎረቤት ናት። አባቴ አምስት ወቅት የማያጓድል ሙስሊም ነበር፤ የብሥራተ ወንጌልንም ዜና አያሳልፍም። ጎረቤት «አንተ ሰውዬ፣ የቄሶቹን ሬዲዮ?» ብሎ ሲነካካው «ስብከቱ ለባለቤቱ፣ ወሬው ለሁላችን» ይለዋል። ደግሞ ጣቢያው ስብከት ብቻ አልነበረም። ጤናው፣ ትምህርቱ፣ ዜናው ይበልጥ ነበር። መጋቢት 1969 ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። አባቴ መርፌዋን እዚያው ቦታ ላይ ትቷት ነበር። ድምፁ ግን ሌላ ሆኖ መጣ።

ሌላው የተዘለለው ሌሊቱ ነው። አጭር ሞገድ የሚሄደው ወደ ሰማይ ነው። ከላይ ካለው የአየር ንጣፍ ጋር ተጋጭቶ ይመለስና ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል። ተራራ አያግደውም። መካከለኛውም ሞገድ ቢሆን ሲመሽ እግሩ ይረዝማል። ስለዚህ ጅማ ከመሸ በኋላ የዓለም መናኸሪያ ነበረች። አረብኛ የተማሩት ካይሮን ይይዛሉ። ከሞቃዲሾ በአፋን ኦሮሞ ይመጣል። ያኔ በንጉሡ ዘመን ቋንቋውን በሬዲዮ መስማት ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነበር፤ አንዳንድ አዛውንት ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ በር ዘግተው ነበር የሚሰሙት። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ የጀመረው መጋቢት 1957 ነው። የአሜሪካ ድምፅ አማርኛው በ1975 ተከተለ። በደርግ ጊዜ እነዚህን ለመስማት ሬዲዮዋ ከሱቅ ወደ መኝታ ቤት ገባች፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ከአባቴ ጋር ተኝታ ታወራለች።

ይህ ሁሉ የወሬ ሱስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 1967 ብራዚል ላይ ውርጭ ወርዶ ቡናዋን ፈጀው። አባቴ በሬዲዮ ሰምቶ ለቡና ነጋዴ ጓደኞቹ ሲነግራቸው ሳቁበት። «ብራዚል በበረደ ለእኛ ምን?» ብለው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት የዓለም ቡና ዋጋ ጣሪያ ነካ። ሳቁ ያኔ ቆመ። ያ ዜና ለጅማ ከማንኛውም አዋጅ ይበልጥ ነበር፤ በየትኛውም የሬዲዮ ታሪክ ውስጥ ግን አላየሁትም።

ደስ የሚለውንም ልንገራችሁ። ታኅሣሥ 1980 የሴካፋ፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ እግር ኳስ ዋንጫ ፍጻሜ። ኢትዮጵያና ዚምባብዌ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። ቴሌቪዥን ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ከተማው በሙሉ ጨዋታውን በሬዲዮ በሚያስተላልፈው በደምሴ ዳምጤ አፍ ነው ያየው። ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ሲደርስ ሱቁ ፊት የቆመው ሰው ትንፋሹን ዋጠ። አሸነፍን። አባቴ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሬዲዮዋን ለዘፈን ክፍት ትቷት ወደ ውጭ ወጣ። እናቴ ይህን እስክትሞት ትተርከው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። ጽሑፋችሁ ኤፍ ኤም 97.1 በ1992፣ ሸገር 102.1 በ2000 እያለ የጣቢያዎቹን መብዛት እንደ ዕድገት ቆጥሮታል። ለከተማ ሰው ልክ ነው። ጅማ ከተማ ውስጥ ያለነውም አልጎደለብንም። የዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ሬዲዮ አለ፣ ፋናም እዚሁ ቅርንጫፍ አለው። ነገር ግን ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሞገድ ነው። ተራራ ሲያገኝ ይቆማል። የእኛን አገር መልክ ታውቁታላችሁ፤ ከከተማ ወጣ ሲሉ ኮረብታ ነው፣ ሸለቆ ነው፣ ጫካ ነው።

የእህቴ ባል ጌራ ውስጥ ቡና አምራች ነው። በልጅነቱ በአባቱ ሬዲዮ የጀርመን ድምፅን ከኮሎኝ፣ ካይሮን፣ አዲስ አበባን ይሰማ ነበር። ዛሬ እጁ ላይ ሬዲዮ ያለው ስልክ አለ። የጆሮ ማዳመጫውን ይሰካል፣ ሽቦው አንቴና ይሆናል፣ ከዚያ ሽሽሽ ብቻ። ስልክ ኤፍ ኤም እንጂ አጭር ሞገድ የለውማ። ከስንት ጣቢያዎች አንዱን ለመያዝ ጉብታው ላይ መውጣት አለበት። ኢንተርኔቱን ተዉት፣ ሲኖር ነው። ጣቢያው በዛ፣ እሱ ግን አባቱ ይሰማው የነበረውን ያህል እንኳ አይሰማም። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የብራዚልን ውርጭ የሰማ አገር ነው እኮ!

የአጭር ሞገድ ዘመን ይመለስ ማለቴ አይደለም። ጆሮ የሚበጣ ፉጨቱንና መሸሹን የማያውቅ ነው የሚናፍቀው። ግን በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ሬዲዮ ስትጽፉ የጣቢያ ቁጥር አጠገብ ሽፋኑንም ጻፉ። አንድ ማሰራጫ የትኛውን ወረዳ ይደርሳል፣ የትኛውን አይደርስም? ደግሞ ጅማ፣ መቱ፣ ነቀምቴ ድረስ ሰው ልካችሁ አዛውንቶቹን አናግሩ። አብዛኞቹ ሰማንያን አልፈዋልና ብትፈጥኑ ይሻላል። ቤታቸው ውስጥ ከሬዲዮ የተቀዳ ካሴት ያላቸው አሉ። እኔ ራሴ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ልብ ወለድ ሲተርክ የቀዳሁት አለኝ፤ መሐሉ ላይ የእናቴ «ውሃው ገነፈለ!» የሚል ድምፅ ገብቶበታል። የምትፈልጉት ከሆነ እልክላችኋለሁ።

የአባቴ ፊሊፕስም አለች። ባለፈው ሳምንት አቧራዋን ጠርጌ ልሞክራት አስቤ ድንጋይ ፍለጋ ወጣሁ። አራት ሱቅ ዞርኩ። ትልቁ ድንጋይ የለም። አምስተኛው ሱቅ ያለው ልጅ «ጋሼ፣ ድንጋይ ከፈለጉ ኮብልስቶን የሚሠሩት ጋ ይሂዱ» አለኝ። ስቄ ተመለስኩ።

አክባሪያችሁ
ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከጅማ